ጥቅምት 21፦ ማርያም ወይስ ሃሎዊን?

እናንተ ሀገር ቤት ያላችሁ “በጥቅምት አንድ አጥንት” ትላላችሁ አይደል? እኛ ዘንድ በጥቅምት አጥንቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ሙሉው አጽም በፕላስቲክ ተሠርቶ ጎረቤት በር ላይ ይንጠለጠላል። ዱባ ደግሞ፣ ያ የማውቀው የጾም ወጥ፣ ዓይንና ጥርስ አውጥቶ ደረጃ ላይ ቁጭ ይላል።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ነኝ። ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ነው የሚውለው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21። ወር በገባ በ21 ማን እንደምትታሰብ ለእናንተ አልነግርም። በ2017 ዓ.ም. የአንዱ ተማሪ እናት ደውላ “እህቴ፣ በማርያም ዕለት ልጄን ጋኔን አልብሼ ልላክልሽ?” አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤት ውስጥ ጋኔን ብዙም የለም። ከሳምንት በፊት ለወላጆች ወረቀት ይላካል፦ መሣሪያ የሚመስል ነገር አይያዝም፣ ደም አይቀባም፣ ፊት የሚሸፍን ጭምብል አይደረግም፣ ኦቾሎኒ ያለበት ከረሜላ አይመጣም። (ሰይጣንም እዚህ ሀገር ደንብ አለበት!) ከምሳ በኋላ ልጆቹ በግቢው ዙሪያ ይሰለፋሉ። ግማሹ ስፓይደርማን ነው፤ አንዷ ፒዛ ሆና መጥታለች። ወላጆች ስልካቸውን ደቅነው ይቀርጻሉ። አለቀ፣ በዓሉ ይኸው ነው።

ታሪኩም ቢሆን ቅልቅል ነው። ስሙ ሲፈታ “የቅዱሳን ዋዜማ” እንደማለት ነው፤ በማግስቱ፣ ኖቬምበር 1፣ ካቶሊኮች ቅዱሳንን ሁሉ የሚያስቡበት ቀን ነውና። ከዚያ በፊት ደግሞ እነአየርላንድና ስኮትላንድ ክረምቱ ሲገባ የሚያከብሩት የጥንት በዓል ነበራቸው፤ በዚያ ሌሊት የሙታን መናፍስት ይመጣሉ ይሉ ነበር። በ1840ዎቹ በረሃብ ምክንያት ወደ አሜሪካ የጎረፉት አየርላንዶች ልማዱን ይዘው መጡ። ሀገራቸው የሥራ ሥር አትክልት ፈልፍለው ነበር መብራት የሚያደርጉት፤ እዚህ ዱባ አገኙ። ስደተኛ ያመጣው በዓል ነው እንግዲህ።

ግን ለዚያች እናት ይህን ሁሉ አልዘበዘብኩላትም። ልጇ ነው፣ እምነቷ ነው። “እሺ፣ ሰልፉ ላይ አይገባም” አልኳት።

የማይሳተፉ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ፤ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ስድስት ናቸው፦ ሦስት የይሖዋ ምስክሮች፣ ሁለት ሙስሊም እህትማማቾች፣ የስምንት ዓመቱ የእኛ ልጅ። እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሰልፉን ሲያይ ቆየና ዞር ብሎ “ሚስ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?” አለኝ።

ምን ትሉታላችሁ? በእረፍት ሰዓት የሚቀጣ ልጅም የሚቀመጠው እዚያው ክፍል ነው። ልጁ የተገነዘበው ይህንን ነው። የማርያምን ዕለት ማንም አልነገረውም።

መልስ ሲያጥረኝ ስለ ቡሄ አወራኋቸው። ነሐሴ 13 ሲቃረብ ወንዶች ልጆች ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ቤት ለቤት እንደሚዞሩ፣ ሙልሙል ዳቦ ወይም ሳንቲም እንደሚሰጣቸው። “ዱላ ይዘው ሰው ቤት? ፖሊስ አይጠራም?” አለች አንዷ። የእኛው ልጅ ግን “ባይሰጧቸውስ?” ብሎ ጠየቀ። ሃሎዊን ላይ የሚባለው “ወይ ስጠኝ፣ ወይ ጉድ እሠራሃለሁ” ነው። በቡሄ ግን መጀመሪያ ይጨፈራል፤ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ይመረቃል። ይህን ስነግረው ፊቱ በራ። የራሱም የሚያወራው ነገር አገኘ።

ማታ ለእናቱ ደውዬ ጥያቄውን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ “እንደዚያ ብሎ ጠየቀሽ?” አለች፣ ድምፅዋ ተቀይሮ።

በ2018ም አቋሟን አልቀየረችም። ግን ሳምንት ሲቀረው ልጁን አስቀምጣ ምክንያቷን ራሷ ነገረችው። ማታ ደግሞ ከረሜላ ገዝታ በሯን ከፈተች፤ ለጎረቤት ልጆች እያደለ የቆመው ልጇ ነው። “ልጄን አላለብስም፤ እንግዳ ግን ከደጄ አልመልስም” አለችኝ። በአፓርታማ ኑሮ፣ የጎረቤትህን ፊት በማታይበት ሀገር፣ ሰው ሁሉ በሩን የሚከፍትባት አንዲት ማታ ብትኖር ይህቺ ናት።

ስለዚህ ለወላጅ የምለው አጭር ነው። “አይሆንም” ማለት መብታችሁ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ይቀበላችኋል። ቀድማችሁ ንገሩን፣ ከዚያ በላይ ግን ልጃችሁን ንገሩት። ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ ጓደኛው ሲጠይቀው መልስ አለው። ለእኛ ለአስተማሪዎች ደግሞ፦ የማይሰለፉትን ልጆች የቅጣት ክፍል ውስጥ አናስቀምጣቸው። እኔ ዘንድሮ ሌላ ክፍል ጠይቄያለሁ። ቀለምና ወረቀትም ይኖራል።