ከሰንበቴ የተደወለልን ስልክ



የ2013ቱ ረመዷን ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር አጣዬ ስትቃጠል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ዐቢይ ጾም ላይ ነበሩ። ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም ቤቱን ጥሎ ሯጭ! ከቆላ የሸሸ ሰው የደብረ ብርሃንን ብርድ አያውቀውም፤ አንዳንዱ በነጠላ ጫማና በሽርጥ ነበር የደረሰው። እኛ የሰፈር ልጆች ተጠራርተን ብርድ ልብስ፣ ዱቄትና ቴምር ሰበሰብን። አንዲት እናት ብርድ ልብሱን ተቀብለው፣ «ልጆቼ፣ በሬ ሳይዘጋ ነው የመጣሁት» አሉን። ደጋግመው ያሉት ይህንኑ ብቻ ነው።

ፎቶ አንስተን ለጠፍን። ብዙ ዱዓ፣ ብዙ ምስጋና ጎረፈልን፤ ደስም አለን፣ እውነቱን ለመናገር።

ማታ ግን ከሰንበቴ ስልክ ተደወለ። አብሮን የተማረ ልጅ ነው፣ ኦሮሞ። «ለአጣዬ መድረሳችሁ ደግ ነው፣ አላህ ይቀበላችሁ» አለና ትንሽ ዝም አለ። «እዚህም የተቃጠለ ቤት አለ። እኛን የት ጻፋችሁን?»

የትም አልጻፍናቸውም ነበር።

መንገዱን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ ስትነዱ ሰንበቴን ታገኛላችሁ፤ ጅሌ ጥሙጋ ወረዳ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፋችሁ አጣዬ፣ ቀጥሎም ካራ ቆሬ፤ ሰሜን ሸዋ። ከዚያ ደግሞ ከሚሴ፣ ተመልሶ ኦሮሞ ዞን። አንድ አስፋልት ወሰኑን እየደጋገመ ያቋርጣል። ወሰኑ ወረቀት ላይ ብቻ ሳለ ማንም ልብ አይለውም ነበር። እሁድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩ ፍየሉን፣ አማራው ጤፉን፣ ኦሮሞው ማሽላውን፣ አርጎባው የራሱን ይዞ ይገናኛል። አንኮበር ሥር አልዩ አምባም በነጋሢዎቹ ዘመን እንዲሁ ነበረች፤ የሐረርና የአፋር ነጋዴ ከደጋው ጋር የሚገበያይባት። ደጋና ቆላ ተገበያይተው እንጂ ተለያይተው ኖረው አያውቁም።

ግጭቱ መጋቢት 2011 ላይ ተነሣ፤ መጋቢትና ሚያዝያ 2013 ላይ ባሰ፤ ጥር 2015 ላይ ደገመ። በየመሐሉ እርቅ ተብሏል፣ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ አስቸኳይ ጊዜ ታውጇል። ወሬው ግን ከሽማግሌ ይቀድማል። አንዱ ወገን «ሃይማኖት ነው» ይላል፤ ሙስሊም ከሙስሊም ጋር የተጋደለበትን ቦታ ግን አይነግራችሁም። ሌላው «መሬት ነው» ይላል፤ ሌላው «ፖለቲከኛ ነው»። ተፈናቃዩ ግን ስለ ምክንያቱ ብዙ አያወራም። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚሁ ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ለዓመታት የኖሩትን ብትጠይቋቸው የሚያወሩላችሁ ስለ እርሻቸው ነው።

ጥር 2015 ላይ ተኩስ መሰማቱን ስንሰማ መጀመሪያ የደወልነው ለዚያ ልጅ ነበር። ስልኩ አይሠራም። በአራተኛው ቀን ራሱ ደወለ። ቤተሰቡ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ለእሱም ለአጣዬም ምን እንደምንልክ ስንጠይቀው፣ ስለ እሁዱ ገበያ ያወራን ጀመር። ማሽላ ጭነው የመጡ ነበሩ፤ ከአጣዬ በኩል ግን ገዢ አልመጣም። ማሽላው እንደተጫነ ተመለሰ።