በመጋቢት አቦ የቆፈርኩት መሬት

አራት ዓመት ሙሉ ተራ ስጠብቅ ኖሬ፣ ባለፈው የካቲት መጨረሻ በለንደን ዳርቻ ካሉት የኪራይ አትክልት ቦታዎች አንዱ ሲደርሰኝ፣ ርስቱ እንደ ተመለሰለት ሰው ደስ ብሎኝ፣ ዶማና አካፋ ገዝቼ፣ ቅዳሜ መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማልጄ ወጣሁ። ስፋቱ በአገሩ የጥንት መለኪያ 10 ሮድ፣ ማለት 250 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጦም ያደረ መሬት ነበርና ሣር ውጦታል።

በሬ ባይኖረኝም አባቴ ጎጃም ሲያደርጉ እንዳየሁት ልገምሰው ተነሣሁ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ቆፈርኩ፣ ከጎኔ ያለውን ቦታ የያዙ እንግሊዛዊ ሽማግሌ የሻይ ኩባያቸውን እንደ ጨበጡ ቀረቡና፣ ካገላበጥኩት አፈር እንደ ጥጥ ፈትል የነጣ፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ሥር መዘው በጣታቸው ቆርጠው፣ «አንድ የነበረውን ሁለት አደረግኸው» አሉኝ። የእኛን ሰርዶ የሚመስል ሣር ነውና፣ ዶማ በቆረጠው ቁጥር ቁራጩ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ይልቅስ ሣሩን አጭደህ፣ ካርቶን ጠርዙን እያነባበርህ አንጥፍበት፤ ከላይ 15 ሳንቲ ሜትር ብስባሽ አልብሰው፤ ብርሃን ያጣ ሥር ይከስማል፣ ካርቶኑንም ትሎች በልተው ቁፋሮውን ይፈጽሙልሃል አሉኝ።

ትሎች! ነገሩ አልተዋጠልኝም። አባቴ የጤፍ ማሳቸውን አራት አምስት ጊዜ የሚያርሱት፣ ከገመሳውም በኋላ በሬዎቹን አዙረው በመስቀለኛ የሚደግሙት፣ ማረሻ የሚቀደው ትልም ጠባብ ሆኖ በመካከሉ ያልታረሰ መሬት ስለሚቀር ነውና፣ ያን ሁሉ ድካምና ጥበብ በባዶ ካርቶን ተካው መባል አበውን እንደ መንቀፍ ሆኖ ተሰማኝ። አመስግኜ መቆፈሬን ቀጠልኩ።

ማታ ለእናቴ ደውዬ መሬት ስቆፍር መዋሌን በኩራት ብነግራቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው፣ «በመጋቢት አቦ?» አሉኝ። ሌላ ተግሣጽ አልጨመሩም፤ አላስፈለገምም። በአንድ ቀን ሁለት አረጋውያን፣ አንዱ ስለ ሥሩ፣ አንዷ ስለ ጻድቁ ብለው፣ ያን መሬት ተወው አሉኝ ማለት ነው። ያን ጊዜም የእናቴ ጓሮ ትዝ አለኝ፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አመድና ፍግ ከላይ ከመደፋት በቀር ዶማ ሲነካው እምብዛም አይቼ አላውቅም፤ ጎመኑ ግን ከመንደሩ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም።

የቀረውን ግማሽ፣ በሙሉ ልብ ባይሆንም፣ ካርቶን አለበስኩት። ፕላስቲክ ማሸጊያው አይበሰብስምና እሱን ስልጥ ሦስት ምሽት አለፈብኝ፤ ከእርሻ ይልቅ የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ይመስላል። አሁን ግንቦት ነው። በቆፈርኩት በኩል ድንቹ ከነሰርዶው ብቅ ብሏል፤ በካርቶኑ በኩል አረም የለም፣ ነገር ግን ቀንድ አውጣ ከሥሩ ተጠልሎ እያደረ የጎመን ችግኜን በልቶታል። የአባቴን እርሻ አሁንም አላማም፤ ለጤፍ ማሳ ካርቶን የሚያነጥፍ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ለንደን ያላችሁ የእንጀራ ቤትና የሸቀጥ መደብር ባለቤቶች ግን፣ ባዶ ካርቶን ስትጥሉ አስታውሱኝ፤ ማሸጊያውን እኔው እልጠዋለሁ።