ስንጥቋ ጀልባ

የፋይበርግላስ ጀልባ ስትሰነጠቅ ቀዳዳዋን መድፈን የሚበቃ ይመስለን ይሆናል። የወላይታ ቆላ ከአባያ ሐይቅ በሚገናኝበት ዳርቻ አንድ ጠጋኝ ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ስንጥቁ ከጣት አይበልጥም፤ እርሱ ግን ካደረቀው በኋላ ዙሪያውን ስንዝር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አሳሳው። ምነው ይህን ያህል? ብለው፥ «ጌታዬ፥ የፋይበሩን ጨርቅ የሚይዘው ዙሪያው ነው እንጂ ቀዳዳው አይደለም» አለኝ። ለ100 እጅ ሬዚን 1 እጅ ማጠንከሪያ ብቻ ጨመረ። ብርዳማው ሶዶ ላይ ቢሆን 2 ያደርገው ነበር፤ በቆላው ሙቀት ግን ማጠንከሪያው ከበዛ ሬዚኑ ከጣሳው ሳይወጣ ድንጋይ ይሆናል። ባለ ጀልባው መረቡን ተሸክሞ «ዛሬ ማታ ልውጣ» እያለ ይለምናል። የልጆቹ እራት ከዚያው ነውና አልፈረድሁበትም። ጠጋኙ ግን አባያ አዞ እንዳለበት አስታውሶት መቅዘፊያውን ወሰደበት፤ እስኪነጋም አልመለሰለትም።