ቅዳሜ ያረሰው ሰውዬ

ልቦለዴ የሚጀምረው ከይፋግ በታች ሜዳው ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዘመኑ የአፄ ሱስንዮስ። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ አዘንብለዋል፤ የቅዳሜ ሰንበትነት ቀርቶ ገበሬው እንዲያርስ አዋጅ ወጥቷል። ባለታሪኬ በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ።

(መጀመሪያ ያረሰው ለሩዝ ነበር! ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን መሆኑ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ጤፍ አደረግሁት።)

ሰውየውን ይሁዳ አድርጌ ነው የሳልኩት፤ ፈሪ፣ ሆዳም። እምነቴን የጠቀምኩ መስሎኝ። ለአያቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ሚስቱስ ምን አለችው፣ ልጄ?" አለችኝ።

ሚስት አልሰጠሁትም ነበር።

ገድለ ወለተ ጴጥሮስን እንደገና አነሳሁ። ገድሉ የተጻፈው ቅድስቲቱ ካረፈች ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ባሏ የንጉሡ የቅርብ ሹም ነበር፤ እሷ ግን ትታው መነነች። ከዚያ በፊት ሦስት ልጆች ወልዳ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ጸሐፊው ገላውዴዎስ ይህን አልደበቀም፤ ቁጣዋንም ጭምር ጽፎታል። የሱ ቅድስት ከኔ ገበሬ ይልቅ ሰው ሰው ትሸታለች። ልቦለድ ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነኝ፣ አስቡት።

አሁን ሚስት አለችው። ቅዳሜ ማታ ራቱን ታቀርብለታለች፤ አብራው ግን አትቆርስም። እሱም አይቆጣም። በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ሲያውጁ ሁለቱ ምን እንደሚባባሉ ገና አልጻፍኩም።

አያቴ በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች፦ "ታረቁ?"