ከእሳት የተረፉ ቀለሞች

ጳጉሜን ሲገባ እኛ ቤት ሳይነሣ የሚቀር ዕቃ የለም። አምና አልጋው ወጥቶ፣ ምንጣፉ ተራግፎ፣ እኔም የልጄን ክፍል እንዳጸዳ ታዘዝኩ። ከአልጋዋ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ስከፍተው የወረቀት ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ አንዱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ሌላው ላይ ቢጫ ጭረት። ሥዕል የሚባል ነገር የለበትም። ወስጄ ጓሮ የሚቃጠለው ቆሻሻ ላይ ደፋሁት።

ልጄ ከገበያ ስትመለስ ሮጣ ደረሰች። ደግነቱ ጭሱ እንጂ እሳቱ ገና አልበረታም ነበር፤ የአምቦ ክረምት ማገዶ አያደርቅም። ግማሹን አወጣች። «አባዬ፣ መቼም የእኔ ነገር ላንተ ሁሌ ቆሻሻ ነው» ብላኝ ገባች።

እውነቱን ልንገራችሁ። ልጄ አዲስ አበባ ሥዕል ትማራለች፤ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት ትምህርት ቤት። እኔ የፈለግሁት ግን ኢንጂነሪንግ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «ዩኒቨርሲቲ ናት» ብዬ አልፋለሁ። ምን እንደምትማር እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም።

ማታ ቡና ላይ እናቷ ስታግባባት ካርቶኑን ይዛ መጣች። የውኃ ቀለም እርጥብ ሳለ ደማቅ ነው፣ ሲደርቅ ይፈዛል። ስለዚህ ዋናውን ሥዕል ከመንካቷ በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ትሞክረዋለች። ወረቀቱም እንደ ደብተር ወረቀት አይደለም፤ ወፍራም ነው፣ ውኃ ሲነካው ቶሎ አይጨማደድም፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። የቀለም ትራፊም አትጥልም። በአምቦ ውኃ ቆርኪ ላይ የደረቀውን በእርጥብ ብሩሽ ነካ ስታደርገው እንደገና ሕይወት ሲዘራ አሳየችኝ።

ያኔ የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ እኛ ወንዶቹ ሥዕል ይዘን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። ወረቀቱ ከደብተር መሐል የተገነጠለ፣ ቢጫው አደይ አበባ በጣት ታሽቶ፣ አረንጓዴው ከጓሮ ቅጠል። የእኔ መልአክ ሁልጊዜ አንድ ክንፉ ይበልጥ ነበር፤ ቢሆንም ሳንቲም ሳይሰጠኝ የመለሰኝ ጎረቤት አላስታውስም። ዛሬ ደጃችን የሚመጡት ልጆች የሚይዙት አብዛኛው ፎቶ ኮፒ ነው። «ለምን በዚህ የእንቁጣጣሽ ካርድ አንሠራም?» አልኳት። ይቅርታ መጠየቄ መሆኑን ሳትረዳው አልቀረችም።

ወፍራሙን ወረቀት ለሁለት ስናጥፍ እንዳይሰነጠቅ፣ መጀመሪያ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ የቢላ ጀርባ እያስኬድን መሥመር አወጣንለት። ሙከራዎቹን በአበባ ቅጠል ቅርጽ ቆረጥናቸው። ሙጫው ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በእሳት የበሰለ ነው። እኔ አብዝቼ ስቀባ ከጀርባ ርሶ ቀለሙ ፈሰሰና ሦስት ካርድ አበላሸሁ። ከዚያ ወዲያ መቀስ እንጂ ሙጫ አልተሰጠኝም። በስስ ቀብተን ሌሊቱን ከመዝገበ ቃላት ሥር አሳደርናቸው፤ 11 ካርድ ወጣን።

በዓሉ ዕለት እናቴ ዘንድ ጉደር ሄድን። ከአምቦ ቅርብ ነው፣ በሚኒባስ ብዙም አይፈጅ። እናቴን የዓይን ሞራ ይዟታል። ኦፕራሲዮን ብለን ብንለምናት እሺ አትልም። እኔን እንኳ የምትለየኝ በድምፄ ነው። ልጄ ካርዱን ሰጠቻት፤ «ባጋ ነጋን ጌሳን» ብላ በቁቤ ጽፋበታለች። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ሥዕልም ቢሆን አይታያትም ብዬ አፍሬ ቆምኩ።

ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው። ዘንበል፣ ቀና አደረገችው።

«ይሄ ቢጫ ነው» አለች። «አደይ ነው?»

«አዎ አኮ፣ አደይ ነው።»

ሰፋፊው ቢጫ ታይቷታል። ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ አሥር ብር ፈትታ ዘረጋች። ልጄ «አኮ፣ እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ» ብላ እጇን ሰበሰበች። «እንቁጣጣሽ ያመጣ ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም» አለች እናቴ። ተቀበይ አልኳት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ያን ቢጫ ከምን ቀላቅላ እንዳወጣችው ጠየቅኋት። አምቦ እስክንደርስ አስረዳችኝ፤ ግማሹ አልገባኝም።

ካርዶቹን ለዘመድ ለጎረቤት አደለች። ለእኔ የደረሰኝ ጫፉ በእሳት የጠቆረ ወረቀት ያለበት ነው። ሆን ብላ ይሁን አይሁን አልጠየቅኋትም።