የኮክ ሽታ ከኮክ አይጨመቅም፤ ታዲያ ሻጩ ምን ይበል?



በሆሳዕናም ሆነ በሾኔ፣ በዱራሜም ሆነ በሺንሺቾ፣ በጁሙዓ ቀን መስጂድ ደጃፍ ላይ ትንንሽ ብልቃጥ ደርድረው ሽቶ የሚሸጡ ወጣቶችን እናውቃለን። ዱሮ ሰው የሚጠይቃቸው ሚስክና ዑድ ነበር። አሁን ብዙ ወጣት የሚፈልገው ጣፋጭና ለስለስ ያለ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል የፍራፍሬ ሽታ ነው፤ በተለይ የኮክ።

ከሻጮቹ አንዱ ወደኛ መጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ኡስታዝ፣ ያስረከበኝ ሰው ‹መቶ በመቶ ከኮክ የተጨመቀ ነው› ብሎኛል። እኔም እንደዚያው ብዬ እሸጣለሁ። ችግር አለው?»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ በኩል የልጁ የዕለት እንጀራ፣ ሌላ በኩል የገዢው ሐቅ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው።

ጽጌረዳ፣ ሰንደልና ዑድ በእንፋሎት ተነጥረው ዘይት ይሰጣሉ። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ሲጨመቅ ዘይት ይወጣዋል። ኮክ ግን እንደዚህ አይደለም። ሥጋው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሽታ የሚሰጠው ነገር በውስጡ ያለው እጅግ በጥቂቱ ነው። በተለመደው የሽቶ ንግድ ውስጥ ተጨምቆ የሚሸጥ የኮክ ዘይት የለም።

ታዲያ ያ ሽታ ከየት መጣ? ላክቶን ከሚባሉ ውህዶች ነው። ስማቸው ራሱ በላቲን ወተት ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። የበሰለ ኮክ ሽታ በዋናነት ጋማ ዴካላክቶን ከሚባለው ይመጣል። የዚሁ ቤተሰብ አባላት በወተትና በቅቤ ውስጥም አሉ። እናቶቻችን ቡላ ላይ የሚያፈሱት ቅቤና በብልቃጥ ያለው የኮክ ሽቶ በሽታ የሚቀራረቡት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም የሚገርመው፣ ጋማ ዴካላክቶን ዛሬ በብዛት የሚመረተው የጉሎ ዘይትን በእርሾ በማብላላት ነው። በየአጥራችን ሥር የሚበቅለው ጉሎ ማለት ነው!

ሽቶ ቀማሚዎች የሚወዱት ሌላው ዘመዱ ጋማ ኡንዴካላክቶን ነው። በ1919 (እ.ኤ.አ) ፈረንሳዊው ዣክ ገርላን ‹ሚትሱኮ› የተባለውን ዝነኛ ሽቶ ሲቀምም የኮኩን ሽታ ያገኘው በዚሁ ነበር። በንግዱ ዓለም ይህ ውህድ ‹አልዲሃይድ ሲ-14› ይባላል። ስሙ ግን ሁለት ጊዜ ይዋሻል፤ አንደኛ አልዲሃይድ አይደለም፣ ሁለተኛ ያሉት የካርቦን አቶሞች 14 ሳይሆኑ 11 ናቸው። የሽቶ ንግድ ስምን ከእውነት መለየት ከጀመረ ቆይቷል።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። በላብራቶሪ የተሠራ ሽታ መሸጥ ነውር የለበትም። በመሠረቱ ነገሮች ሁሉ የሚከለክል ማስረጃ እስካልመጣባቸው ድረስ የተፈቀዱ ናቸው። ነውሩ ያልሆነውን ነው ማለቱ ላይ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እህል የሚሸጥ ሰው ዘንድ አልፈው እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እናውቃለን። ሰውየው ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ልብ እንበል! ጥፋቱ ዝናቡ አልነበረም፤ እርጥቡን ከሥር መደበቁ ነበር።

አንዳንዱ «እውነቱን ብናገር ማን ይገዛኛል?» ይላል። ወንድሜ፣ ሰው የሚገዛህ ሽታውን ወዶት ነው። «የኮክ ሽታ ያለው ቅምም ነው፤ ከፍሬው የተጨመቀ አይደለም» ብትለው ሽታው አይቀንስም። በዚያ ላይ ሆሳዕና ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ የዋሸኸው ሰው በሚቀጥለው ጁሙዓ ከጎንህ ሶፍ ላይ ይቆማል። ያስረከበህ ሰው ያለህንም እንዳለ አታስተላልፍ። ጠይቀው፤ ካላወቅክ «አላውቅም» በል። «አላውቅም» ማለት በረካ አይቀንስም።

ለገዢዎችም አንድ ቃል አለን። ‹መቶ በመቶ የፍራፍሬ› የሚል ጽሑፍ ስላያችሁ ብቻ እጥፍ አትክፈሉ። መጀመሪያ አንድ ጠብታ የክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሩ፤ ቆዳችሁን ካሳከካችሁ ተዉት። ላክቶን ከባድ ስለሆነ ቶሎ አይተንም፤ ትንሹ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ለጁሙዓ ሽቶ መቀባት ሱና ነው፤ ነገር ግን ሶፍ ላይ ከጎናችን አስም ያለበት ወንድም ሊኖር ይችላልና አናብዛው።

ልጁ አሁንም እዚያው ደጃፍ ላይ ይሸጣል። የብልቃጡን ጽሑፍ ግን ቀይሮታል፤ «የኮክ ሽታ፣ ቅምም» ይላል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግግራችንን እውነት ያድርግልን። አሚን።