ስለ ስልክ ሕመምና ስለ ችኮላ

ራሱን ያመመውን ሰው እግሩን የሚያሽ ወጌሻ የለም። ሐኪምም ቢሆን መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ሕመሙ ከየት እንደ ጀመረ፣ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን ሲደረግ እንደሚብስ ይጠይቃል። ይህ ስለ ሰው አካል የታወቀ ሥርዓት በእጃችን ስለምንይዘው ዕቃም እውነት ነው። ዳሩ ግን ነገሩ ስለ ዕቃ በሆነ ጊዜ ብዙዎቻችን ሥርዓቱን እንረሳለን። ዕቃው እንቢ ሲለን እንመታዋለን፣ እናራግፈዋለን፣ ያገኘነውን ቁልፍ ሁሉ እንጫናለን፤ በመጨረሻም ፈጥኖ ለሚቀበለን ሰው አስረክበን «ብቻ አስነሣልኝ» እንላለን።

ይህን የምጽፈው ስለ እጅ ስልክ ነው። ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ጡረተኛ መምህር ስለ ስልክ ምን ሊያስተምረን ይችላል ብላችሁ አትናቁኝ። እኔ መነጽሬን እስክፈልግ ድረስ እናንተ አሥር ገጽ እንደምትከፍቱ አውቃለሁ። እኔ ግን የምናገረው ስለ ጣት ፍጥነት ሳይሆን ስለ አሳብ አካሄድ ነው። ከዚህም በቀር እዚህ ሲሪንቃ በምኖርበት ሰፈር፣ ቀድሞ ደብዳቤ ለማስነበብ ይመጡ የነበሩ ጎረቤቶቼ ዛሬ ስልክ ይዘው ስለሚመጡ፣ የብልሽቱን ዓይነት ብዙ ጊዜ ለማየት ችያለሁ።

እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን ስልክ ማለት ከተማ ወርደው፣ ተራ ጠብቀው፣ ጮኸው የሚነጋገሩበት ዕቃ ነበረ። ቢበላሽ የሚጨነቀው ጠባቂው እንጂ እኛ አልነበርንም። ዛሬ ግን ስልክ የቤት ሣጥን ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘባችን በእርሱ ይላካል፤ ወደ ዐረብ አገር የሄደችው ልጅ ድምፅ በእርሱ ይመጣል፤ የሞተው ዘመድ መልክ በእርሱ ውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሣጥን ያለ ምርመራ የሚሰብር ሰው የሚሰብረው ዕቃ ብቻ አይደለም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የእጅ ሥራ መምህራችን ስለ ማሾ ያስተማሩን ትምህርት እስከ ዛሬ አልተረሳኝም። ማሾው እንቢ ሲል መጀመሪያ ነጭ ጋዝ እንዳለው እዩ፤ ቀጥሎ አየር በደንብ መነፋቱን እዩ፤ ቀጥሎ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ በጥላሸት መደፈኑን እዩ፤ አካሉን መፍታት የመጨረሻው ነው ይሉን ነበር። ምክንያቱንም ሲነግሩን፣ ነጭ ጋዝ ቢጨመርበት ምንም አይጎዳም፣ የተፈታ ማሾ ግን ሁልጊዜ እንደ ነበረ ተመልሶ አይገጠምም ይሉን ነበር። ማሾው ከቤታችን ጠፍቷል፤ ትምህርቱ ግን ለስልክም ያገለግላል።

ይህ ሥርዓት ሲጣስ የሚመጣውን ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። በዚያን ጊዜ ባልዋ የሞተባት አንዲት ጎረቤቴ ልጅዋ ከሳዑዲ ዐረቢያ በኢሞ ትደውልላት ነበርና፣ ጥሪው በድንገት ቢቋረጥባት «ስልኬ ተበላሸ» ብላ አዘነች። የእኅትዋ ልጅ ሊረዳት አስቦ ስልኩን በከተማ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙም ምንም ሳይጠይቅ፣ የሚቀመጠውንም ሳያስቀምጥ ፎርማት አደረገው። ስልኩ እንደ አዲስ ሆኖ ተመለሰ፤ ኢሞው ግን እንደ ቀድሞው ዝም አለ። የተዘጋው መስመሩ እንጂ ስልኩ አልነበረምና።

ጎረቤቴ በዚያ ቀን ሁለት ነገር አጣች። አንደኛው የልጅዋ ቁጥር ነው፤ ከስልኩ በቀር የተጻፈበት ቦታ አልነበረም። ሁለተኛው የሟቹ ባልዋ ድምፅ ነው፤ በልጁ ሰርግ ላይ ሲመርቅ የተቀዳ፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ። ወደ ቤቴ መጥታ ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ «ጋሼ፣ ስልኬ እኮ አልታመመም ኖሯል!» አለችኝ። ከወራት በኋላ ከሳዑዲ የተመለሰ የአገር ልጅ የልጅቱን ቁጥር አመጣላት። የባልዋን ድምፅ ግን የሚያመጣላት አልተገኘም።

እንግዲህ ከዚህ ነገር ሦስት ሕግ እናወጣለን።

አንደኛው ሕግ፣ ብልሽቱ ከስልኩ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ብሎ መጠየቅ ነው። የእናንተ ስልክ ዝም ሲል የጎረቤትን ስልክ ጠይቁ። የሁሉም ዝም ካለ የሚጠገነው በቤት ውስጥ አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን በያዘ ጊዜ ስልክም መብራትም ጠፍቶ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ፤ በዚያን ጊዜ ስልካችን ሁሉ ዝም ያለው ታሞ አልነበረም። የሌላው ሠርቶ የእናንተ ብቻ እንቢ ካለ፣ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፍታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ዝጉት፤ ስልኩ ኔትዎርኩን እንደ ገና ይፈልጋል። ሒሳብ መኖሩን በ*804# እዩ። ያም ካልሆነ ሲም ካርዱን አውጥታችሁ በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። በዚያ ከሠራ ጥፋቱ ከስልኩ ወይም ከአሞላሉ ነው፤ በዚያም እንቢ ካለ ጥፋቱ ከሲሙ ወይም ከመስመሩ ነውና በሌላ ሰው ስልክ የኢትዮ ቴሌኮምን 994 ደውላችሁ ጠይቁ። እነሆ አንድ ብር ሳይወጣ የጥፋቱ ቤት ታወቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሕግ፣ ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ መሞከር ነው። በመንደራችን ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላና ጤፍ ሲፈትን ሥራውን አይታችሁ ይሆናል። አዲስ ማዳበሪያ ሲፈተን አንዱ መደብ ማዳበሪያውን ያገኛል፣ ሌላው መደብ ሳያገኝ ይቀራል፤ ዘሩና የተዘራበት ቀን ግን አንድ ነው። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ቢለወጥ ምርቱን የጨመረው የቱ እንደ ሆነ ማን ሊያውቅ ይችላል? ስልክም እንዲሁ ነው።

ለምሳሌ ስልኩ ቻርጅ አልቀበልም ቢል፣ መጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈትኑ። ቀጥሎ ገመዱን ብቻ ለውጡ። ቀጥሎ የቻርጀሩን ራስ ብቻ ለውጡ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ገመዱ ነው፤ በአንገቱ ላይ እየታጠፈ ውስጡ ይበጠሳልና። ገመዱ ደኅና ከሆነ ስልኩን አጥፍታችሁ መሰኪያውን በብርሃን ተመልከቱ። በኪስ የሚውል ስልክ ከጨርቅ ብናኝና ከመንገድ አቧራ የተጠቀጠቀ ቡሽ የመሰለ ነገር በመሰኪያው ውስጥ ያጠራቅማል፤ ገመዱም እስከ ታች አይገባም። ይህንን በደረቀ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብላችሁ አውጡት እንጂ በመርፌ ወይም በሽቦ አትንኩት። ባትሪው ፈጽሞ ያለቀ ስልክ ደግሞ ቻርጀር እንደ ተሰካለት ላይነሣ ይችላልና፣ ሞተ ከማለት በፊት ግማሽ ሰዓት ታገሡት። ስልኩ ከጋለም ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ራሱን መጠበቁ ነው። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራልና ስልክን በፀሐይ ላይ ወይም በትራስ ሥር ቻርጅ አታድርጉ።

ስልኩ ደርቆ እንቢ ቢል ደግሞ የማብሪያውን ቁልፍ አሥር ሴኮንድና ከዚያም በላይ ተጭናችሁ ያዙ፤ በአንዳንዱ ስልክ የድምፅ መቀነሻውን አብሮ መጫን ያስፈልጋል። አጥፍቶ ማብራት ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ ስልክ ሁለት ማኅደር አለው። አንደኛው ሥራ ሲሠራ ብቻ የሚይዘው ነው፤ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ይሞላና ይደበላለቃል። ሁለተኛው ፎቶና ቁጥር የሚቀመጥበት ነው፤ እርሱ እንደ ደብተር ነው። ስልክ ጠፍቶ ሲበራ ሰሌዳው ይጠረጋል፣ ደብተሩ ግን አይነካም።

ደብተሩ ራሱ ሲሞላ ግን ስልኩ ይንቀራፈፋል፤ ፎቶ አላነሣም ይላል። ያን ጊዜ ከቴሌግራም የወረዱትን ብዙ ቪዲዮዎች ተመልከቱ። በሴቲንግ ውስጥ «ካሽ» የሚባለውን መጥረግ ጉዳት የለውም፤ ለጊዜው የተጠራቀመ ነውና። ከአጠገቡ ያለውን «ዳታ» የሚለውን ግን ሳታውቁ አትጥረጉ፤ እርሱ የመተግበሪያውን ውስጥ ፈጽሞ ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ልዩነታቸው ግን ገለባን በማራገፍና ጎተራን በማቃጠል መካከል ያለውን ያህል ነው።

ሦስተኛው ሕግ፣ የማይተካውን ሳያስቀምጡ የማይመለሰውን አለመሥራት ነው። ፎርማት ማድረግ በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የመጨረሻው በር ነው፤ ከኋላው ሲዘጋ አይከፈትም። ስለዚህ ስልክ ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶውንና ድምፁን ወደ ሜሞሪ ካርድ ወይም ወደ ሌላ ስልክ አሻግሩ፤ ካርዱንና ሲሙንም አውጥታችሁ በእጃችሁ ያዙ። ቁጥሮችንም በጉግል አድራሻችሁ አስቀምጡ። ይህን ስል አንድ ሌላ ነገር አነሣለሁ። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ሻጩ የጉግል አድራሻ ከፍቶ ይሰጠዋል፤ የምስጢር ቃሉን ግን ገዢው አያውቀውም። አንድሮይድ የሚባለው ስልክ በግድ ከተደመሰሰ በኋላ ሲበራ የቀድሞውን አድራሻና የምስጢር ቃል ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ከገዛ ስልኩ ውጭ ቆሞ ይቀራል። ይህ ጥበቃ የተሠራው ለሌባ ነበር፤ ያልጠየቀ ባለቤት ግን እንደ ሌባ ይቆጠርበታል። የቴሌብር የምስጢር ቁጥራችሁን ግን ለጠጋኝም፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚልም ሰው አትስጡ። ስልክ ለመጠገን የገንዘብ ምስጢር አያስፈልግም።

በቤት ፈጽሞ የማይነካም አለ፤ ይህንንም ማወቅ ከጥበብ ይቆጠራል። ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ ቢገፋ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ ሊቀጣጠል ይችላልና ወደ ባለ ሙያ ውሰዱት። ውኃ የገባበትን ስልክ ወዲያው አጥፉት፤ ቻርጅ አታድርጉት፤ መሰኪያውን ወደ ታች አድርጋችሁ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አስቀምጡት። በሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለውን ምክር አፕል የተባለው ኩባንያ ራሱ በ2016 ዓ.ም. አታድርጉ ብሎታል፤ ከሩዙ የሚረግፈው ብናኝ በውስጡ ይገባልና። ጤፍ ውስጥ የቀበረ ሰውም አይቻለሁ፤ ስልኩን ሳያድን ጤፉን በመሰኪያው ውስጥ ዘራው።

ስለ ጠጋኞችም አንድ ነገር ልናገር። ሁሉንም እንደ አጥፊ አትቁጠሩ፤ በትንሽ ሱቅ ተቀምጠው ዓይናቸው እስኪፈዝ ድረስ የሚሠሩ ቅኖች ሞልተዋል። መልካሙን ከመጥፎው የምትለዩበት ምልክት ግን አለ። መልካሙ አስቀድሞ ይጠይቃል። መቼ ጀመረ፣ ምን ሆኖ ነበር፣ የሚቀመጥ ነገር አለበት ወይ ይላል። ሳይጠይቅ የሚፈታውን ተዉት።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል። የእኅትዋ ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ደግ ልብ ነበረው፣ ለአክስቱም አዝኖ ነበር። የጎደለው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፤ «የሌላው ሰውስ ይሠራል ወይ?» ደግነት ያለ ምርመራ እንደ ክፋት ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ ዕወቁ። ይህም በስልክ ብቻ አይቀርም። በሰው ዘንድ ጥፋት ያየን ሲመስለን፣ ወዳጅ ዝም ቢለን፣ ልጅ በትምህርቱ ቢደክም፣ ጥፋቱ ከእርሱ ነው ወይስ ከመስመሩ ብለን ሳንጠይቅ የምንፈርድ ሰዎች ብዙዎች ነን።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ዕውቀታችሁን ከራሳችሁ ስልክ አታስቀሩት። ዛሬ ማታ የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን ስልክ በፈቃዳቸው ተቀብላችሁ በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች በደብተር ጻፉላቸው፤ የሚወዱትንም ፎቶና ድምፅ በሌላ ቦታ አኑሩላቸው። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚጠብቀው ነገር ግን በገንዘብ የማይገዛ ነው።